ቀደምትና ቀዳሚ

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የጎጃሟ እንጅባራ ፈረስ በፈረስ ትሆናለች። ከአዊ ወረዳዎች ሁሉ ባላገሩ ፈረሱን አስጊጦ፣ ኮርቻውን ጭኖ፣ በየቡድኑ ወደ ከተማዋ ይገባል። በዓሉን የሚያከብረው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ነው። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም ሲመሠረት በዓድዋና ከዚያም ወዲህ በነበሩት ዘመቻዎች የዋሉትን ፈረሰኞች ከነፈረሶቻቸው ለማሰብ ነበር። በ2012 ዓ.ም ሰማንያኛ ዓመቱን ደፍኗል፤ አባላቱም ዛሬ ከ60 ሺህ በላይ እንደሆኑ ይነገራል። የተመሠረተበት ዘመን ልብ ይሏል፤ 1932 ዓ.ም ጣሊያን አገሩን ይዞ የተቀመጠበት፣ የጎጃም አርበኛም ዱር ቤቴ ብሎ የሸፈተበት ዓመት ነው። ጠላት ከተማውን ይዞ ሳለ የዓድዋን ፈረስ ስም ማንሣት ራሱን የቻለ አርበኝነት ነበር።

እንዲህ ያለ በዓል የራሱን መዝገበ ቃላት ይዞ ይመጣል። ጉግስ፣ ሽርጥ፣ ስግሪያ፣ ሶምሶማ፣ ግልቢያ የሜዳው ቃላት ናቸው። ኮርቻ፣ ግላስ፣ ልጓም፣ ዛብ፣ እርካብ የፈረሱ ጌጥና ዕቃ ናቸው። ማኅበር፣ ዝክር፣ ሽልማት ደግሞ የዕለቱን ሥርዓት ይሰይማሉ። የበዓሉ ባለቤቶች ሰባት ቤት አገው የሚባሉት አንከሻ፣ አዘና፣ ባንጃ፣ ዚገም፣ ጫራ፣ ኳኩራና መተከል ናቸው፤ የአፍ መፍቻቸው የኩሽ ቤተሰብ የሆነው አዊኛ ነው። አማርኛውም በዚያው ሜዳ ላይ ከአዊኛው ጎን ለጎን ሲነገር የኖረ ስለሆነ፣ ከደብረ ማርቆስ እስከ ዳንግላ ያለው የጎጃም ደገኛ እነዚህን ቃላት ያለ ፍቺ ይሰማቸዋል። ከየት እንደመጡ ስንከተል ግን አንዳንዱ ከፋርስ፣ አንዳንዱ ከባሕር ማዶ ከዓረብ፣ አንዳንዱ ከዚሁ ከደጋው ይነሣል።

ከማኅበር እንጀምር። የግእዙ ግሥ ኀበረ ነው፤ አንድ ሆነ፣ ተባበረ ማለት ነው። ከዚሁ ሥር ኅብረት፣ ተባበረ፣ ማኅበር ይወጣሉ፤ ዕብራይስጥም ጓደኛን «ሐቬር» የሚለው ከዚሁ ሥር ነው። በጎጃም ማኅበር ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው በየወሩ በአንድ ጻድቅ ወይም ሰማዕት ስም የሚጠጣው፣ ጽዋው ከቤት ወደ ቤት በተራ የሚዞረው ነው። የፈረሰኞቹም ስብስብ ስሙን ከዚያ ወርሷል። ስለዚህ ነገሩ ከስፖርት ክለብ ይልቅ ወደ ጽዋው ይቀርባል፤ አባል ሲሞት ይቀብራል፣ የተጣላ ያስታርቃል፣ በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ይጋልባል።

ቀኑም የጊዮርጊስ ነው። ወር በገባ በ23 ሰማዕቱ ይታሰባል፤ የዓድዋ ጦርነትም የዋለው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም ነው። ሥዕሉ ላይ በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ዘንዶውን ሲወጋ ስለሚታይ ሕዝቡ «ፈረሰኛው» ይለዋል። በ1928 ዓ.ም አዲስ አበባ ውስጥ የተቋቋመው የቅዱስ ጊዮርጊስ የእግር ኳስ ክለብም፣ ተጫዋቾቹ በእግራቸው እየሮጡ፣ እስከ ዛሬ «ፈረሰኞቹ» እየተባለ ይጠራል። ፈረሰኛ የሚለው ቃል ራሱ ፈረስ ላይ «ኛ» ሲጨመር የተገኘ ነው፤ እግረኛ፣ ነፍጠኛ እንደሚባለው። ጥንት ጦር ሲቆጠር እግረኛው ይህን ያህል፣ ፈረሰኛው ይህን ያህል ይባል ነበር። ክረምት ሲገባ ደግሞ ከተራራ በድንገት ወርዶ ያገኘውን ጠርጎ የሚሄደውን ጎርፍ ባላገሩ «ፈረሰኛ ውሃ» ይለዋል። የጮቄ ተራራን ወንዞች በሐምሌ ያየ ሰው ስሙ ለምን እንደተሰጠ አይጠይቅም።

መታሰቢያና ዝክር ሁለት የማስታወስ ቃላት ናቸው፤ መንገዳቸው ግን ይለያያል። መታሰቢያ ሥሩ ሐሰበ ነው። በግእዝ ሐሰበ ማለት ቆጠረ፣ አሰላ፣ አሰበ ማለት ነው፤ ሐሳብና ሒሳብ አንድ ቤት ያደጉት ለዚህ ነው። እንግዲህ በአማርኛ ሰውን ማሰብ ከመቁጠር ይጀምራል፤ የታሰበ ማለት ሲቆጠር ያልተዘለለ ማለት ነው። ዝክር ደግሞ ከዘከረ ይመጣል። ይህ ሥር በብዙ የሴማውያን ቋንቋዎች አለ፤ ዓረቡ «ዘከረ»፣ ዕብራዊው «ዘካር» ይላል፤ ዘካርያስ የሚለው ስምም «እግዚአብሔር አስታወሰ» ማለት ነው። ከዚሁ ሥር የሙታን ተዝካር፣ የጻድቃን ዝክር፣ የጥንት ዕቃ የሚቀመጥበት ቤተ መዘክር ይወለዳሉ። ዝክር ያለ ማዕድ አይሆንም፤ ዘካሪ ማለት የሚደግስ ማለት ነው። ጥር 23 ሁለቱም አንድ ላይ ይውላሉ፤ የዓድዋው ዘማች ይታሰባል፣ ጊዮርጊስም ይዘከራል።

አሁን ወደ ፈረሱ እንምጣ። በግእዝም በአማርኛም በትግርኛም ፈረስ ነው። በዓረብኛም «ፈረስ» ነው፤ ሱማሌውም እንዲሁ ይላል፤ ኦሮሞው «ፈርዳ» ይለዋል። የግእዙ ብዙ ቁጥር አፍራስ ነው፤ የዓረብኛውም «አፍራስ»። ዕብራይስጥ ለእንስሳው «ሱስ» የሚል ሌላ ቃል አለው፤ «ፓራሽ» የሚለው ለጋላቢው ነው። አንዱ ቋንቋ በፈረሱ ስም የሚጠራውን ሌላው በሰውየው ስም መጥራቱ ሊደንቅ አይገባም፤ ሰውና ፈረስ በስም መዋዋሳቸውን ወደ ኋላ በጎጃምም እናገኘዋለን።

እንስሳው ለአፍሪካ እንግዳ ነው። አህያን ለማዳ ያደረገው የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ሰው ነው፤ ፈረስ ግን ከጥቁር ባሕርና ከካስፒያን ባሕር በስተሰሜን ካለው ሜዳ ተነሥቶ፣ በመካከለኛው ምሥራቅ በኩል ወደ ግብፅና ወደ ኩሽ ወረደ። በስምንተኛው ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የነገሠው የኩሽ ንጉሥ ፒዬ ለፈረስ የነበረው ፍቅር በድል ሐውልቱ ላይ ተጽፏል፤ ኤል ኩሩ በተባለው የነገሥታቱ መቃብር ቦታም ፈረሶች ከነጌጣቸው ተቀብረው ተገኝተዋል። ፈረስን በክብር ማሰብ በዓባይ ሸለቆ አዲስ ነገር አይደለም። የእኛ ደጋ ደግሞ ለፈረስ ተስማሚ ነው። ወደ ዓባይ ቆላ በወረዱ ቁጥር የቆላ ዝንብ የምታመጣው ገንዲ የጋማ ከብቱን ይጨርሰዋል፤ ደጋው ላይ ግን ፈረስ ይራባል። የፈረስ ቃላትም በጎጃም የተከማቹት ከፍታውን ተከትለው ነው። በደጋ ዳሞት ያለችው ፈረስ ቤት የምትባል ከተማ ስሟ ራሱ ምስክር ነው።

ሥርወ ቃል ሲፈለግ ግን መጠንቀቅ ያሻል። በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች ይባላል፤ ቃልም እንዲሁ በመልክ ከሚመስለው ትልቅ ዘመድ ጋር መወለዱን ሊያወራ ይወዳል። ፈረስና ፋርስ ለጆሮ ይቀራረባሉ፤ ግን የፋርስ ስም «ፓርሳ» ከሚለው የጥንት ፋርስኛ የአገር ስም የወጣ ነው፤ ከእንስሳው ጋር አይዛመድም። ፈረስና ፈረሰም በጽሑፍ አንድ ይመስላሉ፤ የቤቱን መናድ የሚናገረው ግሥ «ረ»ን ያጠብቃል፣ የእንስሳው ስም ያላላል፤ በትርጉምም የሚያገናኛቸው ድልድይ የለም። ጋለበ ደግሞ የፈረንሳዩን «ጋሎፕ» ይመስላል። የፈረንሳዩ ቃል ግን ከፍራንኮች ቋንቋ የመጣ ነው፤ ሲተነተን «ደኅና አድርጎ ሮጠ» እንደማለት ነው። የእኛው ጋለበ በአማርኛ የግሥ ቤት ውስጥ የተወለደ ያህል ይረባል፤ ይጋልባል፣ ጋላቢ፣ ግልቢያ፣ አስጋለበ እያለ። መልክ ብቻ ዝምድናን አያጸድቅም።

በእርግጥ የተሻገሩት ቃላት በፈረሱ ዕቃ ላይ ናቸው። ልጓም ከእነርሱ ረጅም መንገድ የመጣው ነው። ፋርሶች «ለጋም» ይላሉ፣ ሶርያውያን «ልጋማ»፣ ዓረቦች «ሊጃም»፤ ግእዙ ልጓም ብሎ ተቀበለው። ከስሙም ለጐመ የሚል ግሥ ወጣለት፤ ዛሬ «አፉ ተለጎመ» የምንለው ሰው ፋርሳዊ ብረት ጎርሷል ማለት ነው። ኮርቻም ዘመዶች አሉት። በግእዝ ኮርቻ ኮር ይባላል፤ ዓረቡ የግመል ኮርቻን «ኩር» ይለዋል። በኦሪት ዘፍጥረት ራሔል የአባቷን ጣዖታት ሰርቃ የግመል ኮርቻ ውስጥ ሸሽጋ የተቀመጠችበት ታሪክ አለ፤ ዕብራይስጡ እዚያ ላይ «ካር» የሚል ቃል አለው፤ ሊቃውንቱም ከእኛው ኮር ጋር ያነጻጽሩታል።

ከሁሉ የሚያስገርመው እርካብ ነው። ዓረብኛው «ሪካብ» ነው፤ ሥሩ ረከበ፣ ትርጉሙ በዓረብኛና በዕብራይስጥ «ተቀመጠበት፣ ጋለበ» ነው። ግእዝ ይህንኑ ረከበ የሚለውን ግሥ ለሌላ ነገር ይጠቀምበታል፤ አገኘ ማለት ነው። ተረከበ፣ አስረከበ፣ ርክክብ የሚሉት የዛሬ የመሥሪያ ቤት ቃላት የመጡት ከዚህ ከግእዙ «አገኘ» ነው። መጋለብን የሚያመለክተው ግን በሁለት ስሞች ወደ እኛ ዘለቀ፤ አንዱ እርካብ፣ ሌላው መርከብ። መርከብ ማለት የሚጫኑት፣ የሚቀመጡበት ማለት ነው። ስለዚህ ባሕር አይቶ የማያውቅ የባንጃ ፈረሰኛ እግሩን እርካብ ውስጥ ሲያስገባ የመርከብን ወንድም ረግጦ ይወጣል። የጥንቱ የአበሻ እርካብ ትንሽ ቀለበት ነበረች፤ ጋላቢው ባዶ እግሩን ስለሚሄድ አውራ ጣቱን ብቻ ያስገባባት ነበር። ጫማ ሲመጣ ቀለበቷ ሰፋች፤ ቃሉ ግን እንዳለ ቀረ።

ስለ አረማመዱ አማርኛ እጅግ ሀብታም ነው፤ እያንዳንዱ የፈረስ እርምጃ ስም አለው። ሰገረ ማለት ጋላቢውን ሳያንገጫግጭ በተስተካከለ ፈጣን እርምጃ ተራመደ ማለት ነው። ሰጋር በቅሎ የመኳንንትና የካህናት ክብር ነበረች፤ ስግሪያ ደግሞ በእንጅባራ ሜዳ አንዱ የውድድር ዓይነት ነው። እዚህ ላይ የሚያሸንፈው ቶሎ የደረሰው ብቻ አይደለም፤ እርምጃውን ያላበላሸው ነው። ሶመሶመ ከዚያ ይፈጥናል፤ ድምፁ ራሱ ሲደጋገም የፈረሱን ኮቴ ይከተላል፤ አማርኛ ደጋግሞ በሚመላለስ ነገር ላይ ፊደል መድገም ይወዳል። ደንገላሳ ይከተላል፤ ፈረሱ አንገቱን ሰብቆ ሲዘል የሚባል ነው። ግልቢያ መጨረሻው ነው። ከእነዚህ አንዱ ከኮቴ ወርዶ ወደ ሰው እግር ተሻግሯል፤ ዛሬ አሠልጣኝና አትሌት ማለዳ ላይ ቀስ ብሎ የሚሮጠውን ሩጫ «ሶምሶማ» ይሉታል። በዓለም ሩጫ ስሟ የታወቀ አገር ለሯጮቿ ልምምድ የሰጠችው ቃል የፈረስ ቃል ነው።

ጉግስ የሚለው በአማርኛም በኦሮምኛም የሚነገር ነው፤ ጨዋታውም የጦር ልምምድ ነው። ፈረሰኞቹ ለሁለት ይከፈላሉ፤ የአንዱ ወገን ሰው ጋሻውን በጀርባው አድርጎ ይሸሻል፣ የሌላው ወገን በሚወረወር ዘንግ እያሳደደ ሊመታው ይሞክራል፤ ከዚያ ተራው ይገለበጣል። በጎጃም ደጋ በጥምቀት ማግስት፣ በሠርግና በንግሥ ሲጫወቱት ኖረዋል። ሸሺው ፊቱን ወደ ፊት፣ ዐይኑን ወደ ኋላ አድርጎ መጋለብ አለበት። «ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው» የሚለው ተረትና ምሳሌ የተወለደው ከእንዲህ ያለ ሜዳ ነው፤ የሚፎክርን ሰው ና ሞክረው ማለት ነው።

የፈረሱ መልክ ስምም አማርኛንና ኦሮምኛን ያስተሳስራል። ዳማ ቀይ ወደ ቡኒ የሚያደላው ነው፤ ቡላ አመድማው፤ አምባላይ ነጩ፤ ቦራ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት። ጉራቻ ጥቁሩ ነው፤ በኦሮምኛም ጥቁር ማለት ነው። ዳማ፣ ቡላና ቦራም በኦሮምኛ የከብትና የፈረስ መልክ ናቸው። ዓባይን ተሻግሮ ከሸዋና ከወለጋ ጋር ሲዋጋና ሲገበያይ የኖረው ጎጃም፣ ፈረስ ሲለዋወጥ የፈረሱንም መልክ ስም አብሮ ለውጧል።

ከዚህ ሁሉ ግን የበዓሉ እምብርት የፈረስ ስም ነው። የትም ዓለም ሰው ለፈረሱ ስም ያወጣል። የኢትዮጵያ ልማድ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይሄዳል፤ ሰውየው በፈረሱ ስም ይጠራል። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ራስ መኰንን አባ ቃኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል ተብለዋል። አባ እዚህ ላይ የመነኩሴው አባ አይደለም፤ ባለቤት ማለት ነው፤ በኦሮምኛ «አባ ገዳ»፣ «አባ ዱላ» እንደሚባለው። አባ ዳኘው ማለት ዳኘው የተባለው ፈረስ ባለቤት ማለት ነው። በጅማ ልማዱ ከዚህም ርቆ ሄዷል፤ አባ ጅፋር ሲባል ዓለም የሚያውቀው ንጉሥ የታወቀው በፈረሱ ስም ነው።

ስሞቹን በሰዋስው ዐይን ብንመለከታቸው አብዛኞቹ በሦስት ይከፈላሉ። አንደኞቹ ትእዛዝ ናቸው፤ ታጠቅ፣ በዝብዝ፣ ጠቅል። ሁለተኞቹ ድርጊቱ ተፈጽሞ በሌላው ላይ ያረፈባቸው ናቸው፤ ዳኘው ማለት ፈረደለት ወይም ፈረደበት፣ ቃኘው ማለት አገሩን ዞሮ አየው፣ ሰለለው። ሦስተኞቹ ሁኔታ ናቸው፤ ነጋ። ትእዛዙ መጀመሪያ ለፈረሱ ነበር፤ ከዚያ ለባለቤቱ፤ በመጨረሻ ለሠራዊቱ ሁሉ ሆነ። አባ ታጠቅ ሲባል የሰማ ወታደር የንጉሡን ስም ብቻ አይሰማም፤ ታጠቅ ተብሎ ይታዘዛል።

ጎጃም በዚህ መዝገብ ውስጥ ሁለት ታላላቅ ስሞች አሉት። መንቆረር ትባል የነበረችውን ከተማ የማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ተክለው ደብረ ማርቆስ ያሰኟት ራስ አዳል ተሰማ፣ በ1873 ዓ.ም ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው የነገሡት፣ በዓድዋም የጎጃምን ጦር ይዘው የዘመቱት፣ የፈረስ ስማቸው አባ ጠና ነበር። ጠና ማለት በረታ፣ ጸና ማለት ነው፤ ከሦስተኞቹ ወገን ነው። ሁለተኛው አባ ኮስትር ነው። ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አምስቱን ዓመት ጎጃም ላይ ጣሊያንን የተዋጋው በዚህ ስም ነው፤ ኮስትር ማለት ፊትህን ቋጥር፣ አትሣቅ፣ ጨክን ማለት ነው፤ ትእዛዝ ነው። በ1937 ዓ.ም በስቅላት ከሞተ በኋላም የጎጃም ሰው ደጃዝማችነቱን ሳያነሣ አባ ኮስትር ማለቱን አልተወም። ማዕረግ የሚሰጠው መንግሥት ነው፤ የፈረስ ስም ግን ሰውየውና ሕዝቡ የሚስማሙበት ነው።

የእነዚህ ፈረሶች ዕድሜ ከእንስሳ ዕድሜ በላይ ነው። ቃኘው የሐረርጌው ገዥ የራስ መኰንን ፈረስ ነበር። ልጃቸው ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ በ1943 ዓ.ም ወደ ኮርያ የላኩትን ሻለቃ ጦር «ቃኘው» አሉት፤ አስመራ የነበረው የአሜሪካኖች የመገናኛ ጣቢያም ያንኑ ስም ተቀብሎ ዓለም አቀፍ ሆነ። አንድ ፈረስ ባሕር ተሻግሮ በእስያ ጦርነት ዋለ፤ በሬዲዮ ሞገድም ተጠራ። ታጠቅም በ1969 ዓ.ም ለሚሊሻ ማሠልጠኛ ሰፈር ስም ሆኖ ተመልሷል።

ሞተር ሲመጣ ፈረስ ከቋንቋው አልወጣም፤ ሥራ ቀየረ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ዋት በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የእንፋሎት ሞተሩን ለመሸጥ ጉልበቱን በፈረስ ይለካ ነበር፤ አንዱ መለኪያ 746 ዋት ገደማ ነው። አማርኛ «የፈረስ ጉልበት» ብሎ ተቀበለው። ጉልበት ደግሞ መጀመሪያ እግር የሚታጠፍበት ነው፤ ኃይልን የሚያመለክተው ከዚያ ነው፤ መኪና ሻጭ መቶ የፈረስ ጉልበት አለው ሲል በአማርኛ መቶ ጉልበት እየቆጠረ ነው። ጋሪም አለ፤ በህንድና በስዋሂሊ ቋንቋዎችም «ጋሪ» ተሽከርካሪ ነው፤ ስዋሂሊ አውቶሞቢሉንም በዚሁ ይጠራዋል። በጎጃም ከተሞች ባጃጅ እስኪመጣ ድረስ ሰውም ዕቃም የተመላለሰው በጋሪ ነው፤ ዐይኑ ከግራና ከቀኝ ተጋርዶ አንድ መንገድ ብቻ የሚያይ ሰው «የጋሪ ፈረስ» መባሉም ከዚያ የቀረ ነው።

ከሜዳው ወደ ሽልማት እንሂድ። ሸለመ ማለት በመጀመሪያ አስጌጠ ነው፤ ሙሽራ ይሸለማል፣ ፈረስ በባለ ቀለም ክርና በግላስ ይሸለማል። ከዚያ ንጉሥ ጀግናውን በካባና በወርቅ ሲያስጌጥ መሸለም መባል መጣ፤ ዛሬ ለአንደኛው የሚሰጠው ሁሉ ሽልማት ነው። እንጅባራ ላይ ሁለቱም ትርጉሞች በአንድ ቀን ይሠራሉ፤ ፈረሱ ሜዳ ከመግባቱ በፊት ተሸልሞ ይገባል፣ ካሸነፈ ደግሞ ተሸልሞ ይወጣል።

የሩጫው ስም የቀረን ነው። እሽቅድምድም የተገኘው ተሽቀዳደመ ከሚለው ነው፤ ሥሩ ቀደመ ነው። ከቀደመ የሚወጡትን ቃላት ደርድሩ፤ ቀዳሚ ሩጫውን የሚመራ ነው፤ ቅድሚያ የመጀመሪያ ተራ ነው፤ ቅዳሜ ከእሑድ በፊት የምትውለው ቀዳሚት ሰንበት ናት፤ ቀድሞ ማለት ዱሮ ነው፤ ቅድመ አያት የአያት ወላጅ ነው፤ ቀደምት ከእኛ በፊት የኖሩት ናቸው። ዕብራይስጥም «ቄዴም» ሲል ፊት ለፊትን፣ ምሥራቅንና ጥንትን አንድ ላይ ያደርጋል፤ ዓረብኛው «ቀዲም» አሮጌ፣ «ቀደም» እግር ነው። እንደዚህ ባሉ ቋንቋዎች ያለፈው ጊዜ በጀርባ የሚተው ነገር አይደለም። አማርኛም ይህን ከሥር እስከ ቅርንጫፍ ይዞታል፤ ያለፈውን «ከዚህ በፊት» እንላለን፣ በፊት ማለት በገጽ በኩል ማለት ነው፤ የሚመጣውን «በኋላ» እንላለን፣ ኋላ ማለት ከጀርባ ማለት ነው። ያለፈው ይታያል፤ የሚመጣው አይታይም፤ የሚታይ ነገር ደግሞ ያለው ፊት ለፊት ነው።

ለዓድዋ ዘማች መታሰቢያነት ሐውልት ሳይሆን እሽቅድምድም መመረጡ ስለዚህ የቋንቋውን አሳብ የተከተለ ነው። ቀደምትና ቀዳሚ ሁለቱም ከፊት ያሉ ናቸው። የጥር 23 ፈረሰኛ ከጎኑ ካለው ጋር ሲሽቀዳደም ከእርሱ በፊት የጋለቡትን እየተከተለ ነው፤ ቀድሞ የደረሰውም ለከርሞ ለሚመጡት ቀዳሚ ሆኖ ከፊታቸው ይሰለፋል። የአባ ጠናና የአባ ኮስትር አገር ልጆች ዛሬ ለፈረሳቸው አዲስ ስም ሲያወጡ፣ ለራሳቸውና ከእነርሱ በኋላ ለሚመጣው ትውልድም መጠሪያ እያወጡ ነው።